ወይዘሮ የሻረግ አባይ ዳር ለቅሶ ደረሱ

ወይዘሮ የሻረግ ልደታ ማርያም ጀርባ ተድረው የገቡበት ቤት ውስጥ ዛሬም አሉ። ባለቤታቸው ተሰማ አብነት ጫማ ሰፊ ነበሩ። ካረፉ ሁለት ክረምት አልፏል፤ የሴትየዋ ጥቁር ልብስ ግን ከላያቸው አልወረደም። ሙት ዓመቱ እንደወጣ የዕድሩ ሴቶች መጥተው «ይበቃል እንግዲህ» ብለው ለምነዋቸው ነበር። «እሺ» አሉ፤ አላወለቁም።

ልጃቸው ኑኃሚን የጉዞ ወኪል ቤት ትሠራለች። የሁለት ሰው ትኬት ስትሸለም ግብፅ ወሰደቻቸው፤ ከሉክሶር እስከ አስዋን በመርከብ። አንድ ውል ግን አስገብታቸዋለች፤ አስዋን ሲደርሱ ጥቁሩን ሊያወልቁ።

«ይሄ ውሃ ከኛ አገር ነው የመጣው?» አሉ ከመርከቡ ወንበር ሳይነሱ።

«አዎ፣ እማዬ።»

«ታዲያ እንዴት አይደክመው።»

ሌላው ሰው የጥንቱን ቤተ መቅደስ የድንጋይ ዓምድ ሊያይ ሲወርድ፣ እሳቸው ያበጠ እግራቸውን ዘርግተው ጥላ ይፈልጋሉ። አስዋን ቀረበች። እሳቸውም ልብሱን ባሰቡ ቁጥር የነጠላቸውን ጫፍ ይሰበስባሉ።

ከአስዋን በፊት መርከቡ አንድ መንደር ዳር ቆመ። አስጎብኚው አብዱልመናን «ከአገሩ ሰው ጋር ትተዋወቃላችሁ» ብሎ ሁሉንም አወረደ። አንድ ደጃፍ ላይ፣ ከራስ እስከ እግራቸው ጥቁር የለበሱ ሴቶች በጭቃ መደብ ላይ ተደርድረው ዝም ብለዋል።

ሐዘን ቤት ገብቶ «ማን ሞተ?» ተብሎ አይጠየቅም። ወይዘሮ የሻረግ ነጠላቸውን አዘቀዘቁ፤ ጎንበስ ብለው «እግዜር ያጥናችሁ» እያሉ ከዳር እስከ ዳር ደረሱና መደቡ ጫፍ ላይ ተቀመጡ። ሴቶቹ ተያዩ።

«እማዬ! ምን ሆነሻል?»

«ዝም በይ፤ ሐዘን ላይ ናቸው። ተቀመጪ አንቺም።»

ኑኃሚን አብዱልመናንን ጠይቃ ፊቷ ቀላ። «ኧረ ማንም አልሞተም! እዚህ ጥቁር የዘወትር ልብስ ነው። አዋረድሽን እኮ!»

ነገሩ ሲነገራቸው ሴቶቹ በሳቅ ፈረሱ። ወይዘሮ የሻረግ ሊነሱ ሲሉ፣ ከጎናቸው ያሉት መሪማ የሚባሉ አሮጊት እጃቸውን ያዙና አስጎብኚውን አንድ ነገር ጠየቁት።

«ለመሆኑ እሷ ማን ሞቶባት ነው፣ እያሉ ነው» አለች ኑኃሚን፣ አስጎብኚው በእንግሊዝኛ ሲነግራት።

«ንገሪያቸው።»

«አባቴ» አለች ለአስጎብኚው፤ ድምፅዋ ወረደ። ሳቁም ቆመ።

«ምን ዓይነት ሰው ነበር፣ ይላሉ።»

ልደታ ይህን የጠየቃቸው የለም፤ ተሰማን ሁሉም ያውቃቸው ነበር። ለቅሶው ሰሞንም እንግዳ ሲያስተናግዱ፣ በላ አልበላ ሲሉ ነው ያለቀው።

«ሚስማር በአፉ ይዞ ነበር የሚያወራው» አሉ ቀስ ብለው። «ግማሹን ወሬውን ሳልሰማው ነው የኖርኩት። ምናለ ተፍተህ ብታወራ፣ እለው ነበር።»

ኑኃሚን ልትተረጉም ጀምራ አቃታት።

መርከቡ ጡሩምባውን ነፋ፤ አብዱልመናንም ሰዓቱን አሳየ።

«ጠሩን፤ እንሂድ?» አሉ ወይዘሮ የሻረግ።

ኑኃሚን ከእናቷ አጠገብ ቁጭ አለች። «ትንሽ ይጠብቁን። ስለ ልብሱም ተይው፣ እማዬ፤ አስዋን እንዲሁ እንገባለን።»

መሪማ ለልጅቷ ቦታ ሊለቁ ጠጋ አሉ።