የገለባ ፍራሽ ለስሜን ተራራ

ስምንተኛ ክፍል ሳለሁ ትምህርት ቤታችን ወደ ስሜን ተራሮች ፓርክ ሲጓዝ አባቴ ከለከሉኝ። ደረቴ ደካማ ነበርና «ብርዱ ይጨርስሻል» ብለው ቁርጡን ነገሩኝ። ጓደኞቼ ጭላዳ አይተው ሲመለሱ እኔ አኩርፌ ሩዝ ሳጭድ ነበር።

ዘንድሮ እኔው አስተማሪ ሆኜ፣ ከሁለት ባልደረቦቼ ጋር ፓርኩ ውስጥ ድንኳን ተክለን ልናድር ወሰንን። በዚህ ዕድሜዬ ፈቃድ አምጪ የሚለኝ የለም፤ የአባቴን ምርቃት ሳልይዝ ከከተማችን ከወረታ መውጣት ግን አይሆንልኝም። እሳቸው ደግሞ አሁንም ብርዱን እንጂ ሌላ አያነሡም።

የምንይዘውን ዕቃ ስንጽፍ መጀመሪያ የሰፈረው ምን ይመስላችኋል? አጎበር! ትንኝ በሞላበት ፎገራ ተወልዶ ያለ አጎበር መተኛት ለማን ይታሰበዋል? ዝርዝሩን ፓርኩ ውስጥ ለሚሠራ አስጎብኚ በስልክ ሳነብለት በሳቅ ፈነዳ።

«እህቴ፣ እዚህ ትንኝ የት አባቱ ይኖራል! ይልቅ ከሥር የምታነጥፉት አላችሁ? መሬቱ ውርጭ ነው።»

አልነበረንም። ድንኳን ተውሰናል፤ ፍራሽ ግን አንዳችንም አላሰብን።

አባቴ አጠገቤ ሆነው ሰምተዋል። «አላልሁሽም?» አሉ፣ ደስ እያላቸው። ያ የስምንተኛ ክፍል ንዴቴ እንዳለ ተመለሰ።

ግቢያችን ውስጥ የሩዝ ገለባ ተከምሯል። ለሦስታችን ሦስት ጆንያ አመጣሁና ገለባውን ጠቅጥቄ አፋቸውን ሰፋሁ። በማግስቱ ማለዳ፣ ሣሩ በጤዛ እንደራሰ፣ ድንኳኑን ግቢው መሃል ተክዬ አባቴን ጠራሁ።

«አባዬ፣ እስኪ ይጋደሙበትና ይፍረዱ።»

እንከን ፍለጋ ጫማቸውን አውልቀው ገቡ። ጋቢያቸውን ተከናንበው ተጋደሙ።

«ይኮሰኩሳል» አሉ ከውስጥ።

ትንሽ ቆይተው ማንኮራፋት ጀመሩ። ጤዛው እስኪደርቅ ድረስ አንኮራፉ፤ እኔ ደጅ ቆሜ እልልታዬን በመዳፌ አፈንሁት። እንዲህ ያለ ደስታ ተመርቄ ዲግሪ ስቀበልም አልተሰማኝም።

ሲወጡ ከጋቢያቸው ላይ ገለባውን እያራገፉ ጆንያዎቹን አንድ በአንድ ዳሰሱ። ምርቃቴን ጠበቅሁ።

«ስንት ነው የሞላሽው?»

«ሦስት።»

«አንድ ጨምሪ» አሉ። «እኔም ያን ብርድ በወሬ እንጅ በዓይኔ አይቸው አላውቅ።»