ከግድግዳው ጀርባ የምጮኸው እኔ ነበርኩ

ይህ የደረሰብኝ የዛሬ ሃያ ዓመት ገደማ፣ እዚሁ አትላንታ ነው። ጠባብ ክፍል በገባሁ ቁጥር ትዝ ይለኛል።

ሥራዬ የድምፅ ዲዛይን ነው። ጎብኚ አንድ ቦታ ሲገባ ዙሪያውን የሚሰማውን ድምፅ አዘጋጃለሁ። ያኔ ታከር በሚባለው ሰፈር አንድ የድሮ መጋዘን የወርቅ ማውጫ ዋሻ መስሎ ተሠርቶ ለጎብኚ ተከፍቶ ነበር። በጨለማው መተላለፊያ ሲሄዱ ውሃ ይንጠባጠባል፣ አፈር ይናዳል፤ ከዚያ የተቀበሩ ቆፋሪዎች ግድግዳ እየደበደቡ በእንግሊዝኛ «ሄልፕ!» እያሉ ድረሱልን ይላሉ። ሁሉም ከስፒከር የሚወጣ የእኔ ሥራ ነው።

አንድ ቅዳሜ ከሰዓት አንዱ ስፒከር ተበላሸ። ቼክ ላደርገው ከግድግዳው ጀርባ ወዳለችው ጠባብ ክፍል ስገባ በሩ ተዘጋብኝ። በውስጥ በኩል እጀታ የለውም። ስልኬን ውጪ ትቼዋለሁ።

ግድግዳውን ደበደብኩ። «ሄልፕ!» እያልኩ ጮህኩ። ጎብኚዎቹ ሳቁ። አንዱ ጭራሽ መልሶ አንኳኳና «ዋው፣ የእውነት ይመስላል!» ብሎ አለፈ።

ሙቀቱ አፈነኝ። ሰው ይመጣል፣ ይሰማኛል፣ ይሄዳል። በመጨረሻ ሳላስበው በአማርኛ «ኧረ የሰው ያለህ!» አልኩ።

ከማዶ የእግር ኮቴ ቆመ።

«ማነሽ አንቺ?» አሉ አንዲት አሮጊት።

«ተቆልፎብኝ ነው! እማማ፣ እባክዎ አይሂዱ!»

«አይዞሽ ልጄ፣ የትም አልሄድ።»

ኋላ እንደሰማሁት፣ ልጃቸውን ሊጠይቁ ከአገር ቤት የመጡ ናቸው። ልጅቷ ቀድማቸው አልፋለች፤ እሳቸው እንግሊዝኛ አይችሉም። የቦታው ጥበቃ ሲመጣ ግድግዳውን እየመቱ «ሰው አለ! ሰው!» ይሉታል። እሱ በእንግሊዝኛ «የተቀዳ ድምፅ ነው፣ አይፍሩ» ይላቸዋል። እኔም እጮኻለሁ፤ የቆፋሪዎቹ ጩኸት ድምፄን ዋጠው።

እማማ መተላለፊያው መሃል ቁጭ አሉ። ከኋላቸው ያለው የጎብኚ ሰልፍ ቆመ። ጥበቃው በድንጋጤ የታመሙ መስሎት፣ እንዲረጋጉ ብሎ ድምፁን በሙሉ አስጠፋው።

ዋሻው ጸጥ አለ። እኔ ግድግዳውን የምደበድብበት ድምፅ ብቻ ቀረ።

ከፍተው ሲያወጡኝ የእማማን እጅ ይዤ አለቀስኩ።

«ለቅሶው ይቆይና አንሺኝ፤ ጉልበቴ ተይዟል» አሉኝ።

ስማቸውን ሳልጠይቅ ልጃቸው መጥታ ወሰደቻቸው። ይህ እስካሁን ይቆጨኛል።

ከዚያ ወዲህ የዝናብ፣ የገበያ፣ የባቡር ድምፅ ለብዙ ቦታ ሠርቻለሁ። የድረሱልኝ ጩኸት ግን አልሠራም። ሰው ሲጣራ እየሰሙ፣ ስቀው ማለፍን የሚያስለምድ ነገር ያስፈራኛል።