ያልመከነው ማህተም

ሐኪም ጉሮሮ ሲያይ ምላስ የሚጫንባትን ቀጭን እንጨት ሁሉም ሰው ያውቃታል። ልጄ የምትሠራበት የእርዳታ ድርጅት መጋዘን ጣሪያው አፍስሶ፣ የዚያች እንጨት ሁለት ካርቶን በአንድ ጎኑ ረጠበ። ለሕመምተኛ አይሆንም ተብሎ ሊጣል ሲል ልጄ ለማገዶ ይሆንሻል ብላ ቤት አመጣችው። ከፍቼ አየሁት። ከላይ ያለው ትንሽ ጠቁሯል እንጂ የታችኛው ንጹሕ ነው፤ ጫፉ በሁለቱም በኩል ክብ፣ ርዝመቱ እኩል፣ ውፍረቱ እኩል። እንዲህ እኩል የሆነ ነገር ማቃጠል አልሆነልኝም።

የምንኖረው ሶማሌላንድ፣ ሀርጌሳ ከተማ፣ ሃያ ስድስት ጁን በሚባለው ሰፈር በተከራየነው ቤት ነው። ጡረታ ከወጣሁ በኋላ ድሬዳዋ ብቻዬን የምቀመጥበት ምክንያት ስላልነበረኝ ልጄ ወዳለችበት መጣሁ። እሷ ጠዋት ትወጣለች፣ ማታ ትገባለች። በመካከሉ ያለው ቀን የኔ ነው፤ ረጅም ነው።

ከእንጨቶቹ ጋር የሚሄድ ሌላ ትርፍ ነገርም ነበረኝ። ድሬዳዋ በአንድ የትራንዚት ድርጅት መዝገብ ቤት ሃያ ሁለት ዓመት ሠርቻለሁ። ደብዳቤ መቀበል፣ መመዝገብ፣ ማህተም መምታት ሥራዬ ነበር። ድርጅቱ ሲዘጋ ማህተሞቹ እንዲመክኑ ታዘዘ። ማምከን ማለት የጎማውን ፊት በምላጭ ሁለት ጊዜ አቋርጦ መሰንጠቅ ነው፤ ከዚያ በኋላ ቢመታም ነጭ መስመር ስለሚያሳይ ማንም አይቀበለውም። ሰንጣቂዋ እኔ ነበርኩ። ሦስት ሰዎች ሆነን አሥራ አንድ ማህተም መክኗል ብለን ቃለ ጉባኤው ላይ ፈረምን። የሰነጠቅሁት ግን አሥር ነው። አሥራ አንደኛው፣ ዋናው ክብ ማህተም፣ ቦርሳዬ ውስጥ ነበር። ለምን እንዳስቀረሁት በደንብ አላውቅም። የመሳቢያውን ቁልፍ ያን ሁሉ ዓመት በአንገቴ ይዤ ነበር፤ ምናልባት እሱ ይሆናል።

አሥራ አንዱንም በብስኩት ቆርቆሮ አድርጌ ሀርጌሳ ይዣቸው መጣሁ።

መጀመሪያ የሠራሁት ለልጄ የእስክሪብቶ ማስቀመጫ ነው። እንጨቶቹን አራት ማዕዘን እያደረግሁ ጫፍ በጫፍ ላይ ደረደርኳቸው፣ በኮላ አጣበቅኋቸው፣ እስኪደርቅ በልብስ መቆንጠጫ ያዝኳቸው። ባዶነቱ ደስ ስላላለኝ ማህተም መታሁበት። ቀለሙ በእንጨቱ ጅማት እየሮጠ ተበላሸ። በሌላ ቀን በብርጭቆ ወረቀት ፍቄ፣ ጠመኔ አሽቼበት፣ ጠመኔውን አራግፌ ስመታው ቆመልኝ። ላዩን ሻማ ስቀባው ደግሞ በእጅ ላይ መልቀቁን ተወ። የመከኑት ማህተሞች ከሁሉ በለጡ፤ አራት ማዕዘኑ ተሰንጥቆ ሲመታ የመስኮት ፍሬም ይመስላል። ክቡ ማህተም ፀሐይ ሆነ።

ልጄ ማስቀመጫውን ቢሮዋ ወሰደችው። በዚያ ሰበብ ሁለት ሦስት ኢትዮጵያውያን እናቶች ልጆቻቸውን አርብ ጠዋት ወደኔ መላክ ጀመሩ። እጃቸው እንዲፍታታ፣ አማርኛም እንዳይጠፋባቸው ብለው ነው። አምስት ሴቶች ልጆች ነበሩ። እንጨቱን በፈላ ውሃ ዘፍዝፈን ሲለሰልስ በሻይ ብርጭቆ ውስጥ አጉብጠን እናስቀምጠዋለን፤ በማግስቱ አምባር ሆኖ ይወጣል። የፎቶ ፍሬም፣ የቁርኣን ማስቀመጫ አትሮንስ፣ የጨው ሳጥን ሠርተናል። ብዙ አልናገርም፤ እነሱም ይህን ለምደው እርስ በርሳቸው ይጫወታሉ።

ከልጆቹ አንዷ አሥራ አራት ዓመቷ ነበር። እናቷ የወሎ ሰው ናት፤ በአንድ ሆቴል ጽዳት ትሠራለች። የሚኖሩት ራቅ ካለው መሐመድ ሞጌ ሰፈር ስለሆነ ልጇን አድርሳ ተመልሳ ከምትመጣ እኔው ቤት ትቀመጣለች። እናትየዋ ፊደል አልቆጠረችም፤ እጇ ግን ከሁላችንም ቀጥ ያለ ነው። ልጆቹ ሲንጫጩ እንጨት አንስታ፣ “ይሄ የሐኪም እንጨት ነው፤ ዋሾ ከመካከላችሁ ካለች አፏን ያስከፍታታል” ትላቸዋለች። ማህተም መምታት ትወድ ነበር። አንድ ጊዜ ክቡ ላይ የተጻፈውን ጠየቀችኝ። የድርጅቱን ስም አነበብኩላት፣ ከታች ደግሞ ድሬዳዋ ይላል አልኳት።

“ድሬዳዋ፤” አለች።

ይህን ያለችበት ምክንያት ነበራት። ልጅቷ እዚህ በግል ትምህርት ቤት ስምንተኛን ጨርሳ ነበር። ድሬዳዋ የሚኖረው አጎቷ ላኪያትና እኔ ጋ ትማር ብሎ ትምህርት ቤት አግኝቶላታል። እዚህ ከቀረች እናቷ ከምትሠራበት ሆቴል አንሶላ አጠባ እንደምትገባ ሁላችንም እናውቃለን፤ ቦታው ተጠይቆላት ነበር። ለመመዝገብ የሚያስፈልገው ከትምህርት ቤቷ የሚሰጥ የውጤት መሸኛ ነው። ምዝገባው ሰኞ ያበቃል። ወደ ጅግጅጋ የሚወስዳት መኪና ቅዳሜ ጠዋት ይነሳል።

ረቡዕ ከዐሥር ሶላት በፊት ልጅቷ ብቻዋን መጣች። ከደብተሯ መካከል መሸኛውን አውጥታ ጠረጴዛ ላይ አኖረችው።

“እማማ፣ ይሄን ይዩልኝ። እናቴ እንዳመጣሁት አታውቅም” አለችኝ።

ወረቀቱ ላይ የትምህርት ዓይነቱና ውጤቱ ተጽፏል፤ የርእሰ መምህሩ ፊርማ አለ፤ ከፊርማው አጠገብ ትንሽ አራት ማዕዘን ማህተም አለች። በእሷ ላይ ግማሿን ሸፍኖ፣ በሰማያዊ ቀለም፣ የኔ ክብ ማህተም ተመትቷል። ከታች አንድ፣ ከጀርባ አንድ። ሦስቱም አልተንሻፈፉም፣ አልደበዘዙም። በሥራ ዘመኔ እንዲህ አጥርቶ የሚመታ ረዳት አልነበረኝም።

የብስኩቱን ቆርቆሮ ከፈትኩ። ማህተሙ ቦታው ላይ ነበር። ባለፈው አርብ እኔ ለልጆቹ ውሃ ሳፈላ እናትየዋ እንደመታችውና እንደመለሰችው ገባኝ።

ልጅቷን እናትሽን ጥሪያት አልኳት። ስልክ ደወለች፤ እናትየዋ ከሥራ በቀጥታ በባጃጅ መጣች። ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ ስታየው አልደነገጠችም። ይልቁን ያላለቀ ነገር እንዳለ ሁሉ፣ “ደበዘዘ እንዴ?” ብላ ጠየቀችኝ።

ለምን እንዳደረገችው ጠየቅኋት።

“እትዬ፣ እርስዎ ያውቁታል እኮ። አራት ማዕዘን ማህተም አገር ቤት ማን ያያል? እኔን ቀበሌ ስንቴ መልሶኛል፣ ክብ አምጪ እያለ። ይቺን ደግሞ ድንበር ተሻግራ ሄዳ ቢመልሷት ማን አላት?” ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። “የርስዎ ደግሞ የድሬዳዋ ነው። እሷም የምትሄደው ድሬዳዋ ነው።”

ልሳሳት እችላለሁ ብላ ብታስብ ኖሮ ትጠይቀኝ ነበር። ነገር ግን ማህተም የሚያስፈራ ነገር ሆኖባት ያደገች ሰው ናት፤ ክብ ከሆነ ያጸናል እንጂ ያበላሻል ብላ አላሰበችም። ቀስ ብዬ አስረዳኋት። በማህተሙ ላይ የተጻፈው የተዘጋ ድርጅት ስም ነው፣ ትምህርት ቤት አይደለም፣ የሚያነብ ሰው ወረቀቱ የተጭበረበረ ነው ይላል፣ ልጅቷንም ይመልሳታል አልኳት። ስታዳምጠኝ ፊቷ ቀስ በቀስ ተለወጠ። ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ተቀመጠች። ልጅቷ ቆማ ግድግዳውን ታይ ነበር።

ማታ ልጄ ስትገባ ነገርኳት። ደክሟት ነበር። የትምህርት ቤት ጸሐፊ ቀለሙን እንጂ ጽሑፉን አያነብም፣ ዝም ብላ ትሂድበት አለችኝ። እውነት ሊሆን ይችላል። እኔ ግን በዚያ ወንበር ላይ ሃያ ሁለት ዓመት ተቀምጫለሁ። አነብ ነበር። እኔ ብሆን ያንን ወረቀት አልቀበልም ነበር።

በሎሚም በላጲስም መሞከር እንደማይሆን አውቃለሁ፤ የተፋቀ ወረቀት ከተመታው የባሰ ነው። የቀረው ትምህርት ቤቱ ሄዶ ሌላ መለመን ነው። እዚያ ደግሞ ይህ ማህተም ከየት መጣ መባሉ አይቀርም። ወረቀቴን አበላሹ ብለው ልጅቷን ቢያባርሩና ውጤቷን ቢይዙባትስ? ልጆች ሲጫወቱ መቱት ማለት እችል ነበር። ይህን ሳስብ ቆየሁ። ከዚያ ማህተሙን በመሐረብ ጠቅልዬ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩና ተኛሁ።

ሐሙስ ትምህርት ቤቱ ክፍት የሚሆነው እስከ ቀትር ነው። ሦስታችንም በጠዋት ደረስን። ዘበኛው “ኤዶ” ብሎ፣ እንደ አክስቱ ቆጥሮኝ፣ ወንበር ሰጠኝ። ርእሰ መምህሩ ሽማግሌ ሶማሌ ናቸው፤ መነጽራቸውን በክር አንጠልጥለዋል። አማርኛ አያውቁም፤ የኔ ሶማሊኛ ደግሞ የገበያ ነው። ስለዚህ አስተርጓሚዋ ልጅቷ ራሷ ሆነች።

ወረቀቱን ሰጠኋቸው። አገላብጠው አዩት፤ ከዚያ መነጽራቸውን አድርገው እንደገና አዩት። ማን ነው የመታው ብለው ጠየቁ።

“ማህተሙ የኔ ነው በያቸው፤” አልኳት ልጅቷን። “ላጠፋው ታዝዤ፣ አጥፍቻለሁ ብዬ ፈርሜ፣ ያላጠፋሁት እኔ ነኝ። ከቤቴ ባይገኝ ኖሮ ይህ አይሆንም ነበር።”

ይህን ለማንም ተናግሬ አላውቅም። ለልጄም እንኳ። ልጅቷ ዞር ብላ አየችኝ፤ ከዚያ አንድ በአንድ ተረጎመችው። እናቷ ቀጥላ የመታሁት እኔ ነኝ በያቸው አለች። ልጅቷ ይህን ለመተርጎም ዘገየች። ርእሰ መምህሩ ጠበቋት። በመጨረሻ “እናቴ” የሚለውን በሶማሊኛ ሰማሁና እንደተናገረችው አወቅሁ።

ሰውየው ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ አኖሩት። ከዚያ እናትየዋን ለምን እንደመታችው ጠየቋት። የክቡንና የአራት ማዕዘኑን ነገር ልጅቷ ስትተረጉምላቸው ከንፈራቸው ተንቀሳቀሰ፤ ሳቃቸውን እየዋጡ እንደሆነ ያወቅሁት በኋላ ነው። መሳቢያቸውን ከፍተው አንድ ትልቅ ክብ ማህተም አወጡና ጠረጴዛው ላይ አቆሙት። ነበራቸው። ጸሐፊው አራት ማዕዘኗን የመታው ለእጁ ስለቀረበች ነው እንጂ ለጠየቀ ሁሉ ክቡን ይመታሉ።

እናትየዋ ማህተሙን ትኩር ብላ አየችው። “ይሄ እዚህ ተቀምጦ ነው እኔ እንደ ሌባ የሆንኩት?” አለች በአማርኛ። ልጅቷ ይህን አልተረጎመችውም።

ርእሰ መምህሩ ግን አንድ ነገር ያዙ። አዲስ ወረቀት እሰጣለሁ፣ ያኛው ማህተም ግን ነገ ሌላ ወረቀት ላይ እንደማይገኝ በምን አውቃለሁ አሉ። ትክክል ናቸው። እኔም ብሆን ይህንኑ እጠይቅ ነበር። መሐረቡን ፈታሁና ማህተሙን ከሳቸው ማህተም ጎን አስቀመጥኩት። ምላጭ አለ ወይ ስላቸው የወረቀት መቁረጫ ሰጡኝ።

ጎማው በዕድሜ ደርቆ ነበር። የመጀመሪያው ስንጥቅ ከብዶኝ ሁለት ጊዜ መለስኩት። ሁለተኛው ቀለለ። ጎማው ከእጀታው ተላቅቆ አራት ቦታ ሆኖ ጠረጴዛው ላይ ወደቀ። ቁራጮቹን ሰብስቤ መሐረቡ ውስጥ መልሼ ቋጠርኳቸው። ርእሰ መምህሩ የተበላሸውን ወረቀት ቀደዱት፤ አዲሱን በእጃቸው ጻፉ፣ ፈረሙ፣ ክቡን ማህተም መቱ። ከጎኑ አራት ማዕዘኗንም ጨመሩበት። ለእናትየዋ ሲሰጧት በሁለት እጃቸው ነው።

ቅዳሜ ልጅቷ ሄደች። መሸኛውን ያኖረችው በእንጨቱ በሠራናት ጠፍጣፋ ሳጥን ውስጥ ነበር፤ ክዳኗ ላይ በመከኑት ማህተሞች የተመቱ መስኮቶች አሉ። ማክሰኞ አጎቷ ደወለ። ጸሐፊው ወረቀቱን አገላብጦ አይቶ፣ ምንም ሳይናገር መዝግቧታል። እናትየዋ ይህን የነገረችኝ በስልክ ነው፤ አልሃምዱሊላህ አለችና ዘጋች።

በቀጣዩ አርብ አትመጣም ብዬ ነበር፤ የምታመጣት ልጅ የለችም። መጣች። ልጆቹ ሳጥን ሲያጣብቁ እሷ የብስኩቱን ቆርቆሮ ከፍታ፣ እዚያ የመለስኩትን መሐረብ ፈትታ፣ ከአራቱ የጎማ ቁራጮች አንዱን አወጣች፤ ለመያዝ እንዲመቻት በኮላ እንጨት ጫፍ ላይ ለጠፈችው። ኮላው ሲደርቅ ቀለም አስነካችውና ጠመኔ ባሸችበት እንጨት ላይ መታችው። የፀሐይ ሩብ ወጣ፤ ከሥሩ ሁለት ፊደል ተርፎ ነበር።

“ይሄ ምን ይላል፣ እትዬ?”

“ድሬ” አልኳት።

ጣቷን መጀመሪያ በአንደኛው ፊደል ላይ፣ ከዚያ በሁለተኛው ላይ አሳረፈች። የትኛው “ድ” እንደሆነ ጠየቀችኝ፤ አሳየኋት። ከዚያ ሌላ እንጨት ስባ ጠመኔ ማሸት ጀመረች።