ሟቹ ለእራት የመጣበት ፊልም

ሥራ የጀመርኩበት ቀን ናዝሬት ላይ ሰው ሁሉ በጭንቅላቱ ሲሄድ ዋለ። ፊልሙን ገልብጬ ጭኜው ነው። ሸራው ላይ ፈረሶች እግራቸውን ወደ ሰማይ ሰቅለው ይጋልባሉ፤ አዳራሹ ውስጥ ያሉት ባለጋሪዎች በሳቅ ይንፈራፈራሉ። እኔም ከማሽን ክፍሉ በትንሿ መስኮት እያየሁ "ፈረንጅ መቼም አያልቅበት" እያልኩ አብሬ እስቅ ነበር። ጥፋቱ የማን እንደሆነ የገባኝ ጋሽ ታፈሰ ጆሮዬን ይዘው ሲጎትቱኝ ነው።

ጋሽ ታፈሰ ከእኔ በፊት የሲኒማ ቤቱ ዋና ኦፕሬተር ነበሩ። የካርቦኑ መብራት ዓይናቸውን ስላደከመው ማሽኑን ለእኔ አስረክበው፣ እሳቸው ከሸራው ሥር ማይክሮፎን ይዘው ተቀመጡ። ፊልሙ በፈረንጅ አፍ ሲያወራ እሳቸው በአማርኛ ያስረዳሉ፤ ሲያሰኛቸው ኦሮምኛም ጣል ያደርጉበታል።

የፈረንጅ ስም ግን አይጠሩም። "ምላስ ያደማል" ይላሉ። ለተዋናዩ ሁሉ የአገር ስም ያወጡለታል። በእሳቸው ማይክሮፎን ስንቱ ባለ ወርቃማ ጸጉር ሽጉጠኛ ጎንፋ ተብሎ ሞቷል። ሕዝቡም ለምዶት ነበር። አዲስ ሰው ሸራው ላይ ብቅ ሲል፣ "ጋሽ ታፈሰ፣ ይሄስ ማን ይባላል?" ብሎ የሚጮህ አይጠፋም።

የእኔ ሥራ እንዲህ ነው። ፊልም ተቆራርጦ በጥቅል በጥቅል፣ በቆርቆሮ ተዘግቶ ይመጣል። ማሽኖቹ ሁለት ናቸው። በአንደኛው ላይ ያለው ጥቅል ሊያልቅ ሲል በሸራው ቀኝ ማዕዘን ላይ ነጥብ ብልጭ ትላለች፤ ያኔ ሁለተኛውን አስነሳለሁ። እንደገና ብልጭ ስትል አንዱን ዘግቼ ሌላውን እከፍታለሁ። ተመልካቹ መሻገሩን ካላወቀ ጎበዝ ነህ። እኔ ጎበዝ የሆንኩት ብዙ ከተሰደብኩ በኋላ ነው።

ሌላም ጉድ ነበረብኝ። ጨለማ እፈራለሁ። ጨለማ የሚፈራ የሲኒማ ኦፕሬተር በዓለም ላይ ከእኔ ሌላ መኖሩን እንጃ። ደግነቱ ዘመኑ የደርግ ነው፤ ሰዓት እላፊ ስላለ ፊልም የምናሳየው ከሰዓት በኋላ ነበር። በሩ ሲከፈት የናዝሬት ፀሐይና አቧራ ይገባል፤ እኔም ነፍሴ ትመለሳለች።

ትኬት የምትቆርጠው እትዬ ሙሉ ነበረች። ባሏ ደበበ ወንጂ ስኳር ፋብሪካ የብረት ሠራተኛ ነበር። አንድ ቀን በላንድሮቨር የመጡ ሰዎች "ለጥያቄ ትፈለጋለህ" ብለው ከወርክሾፑ ወሰዱት። ከዚያ ወዲህ ያየው የለም።

እትዬ ሙሉ ግን ምሳ ዕቃ ይዛ ወደ እስር ቤቱ በር መመላለሷን አላቆመችም። በሩ ላይ የሚቀበላት ዓለሙ የሚባል የዚያው ላንድሮቨር ሹፌር ነበር። ምሳ ዕቃውን ይዞ ይገባል፤ ባዶውን ይዞ ይወጣል። "ደህና ነው፣ ሰላም ብሎሻል" ይላታል። ሳቂታ ሰው ነው። ፊልም ይወዳል፤ ከፊት ረድፍ ጥግ ላይ የሱ ወንበር ይታወቃል።

ከዕለታት አንድ ቀን ከትኬት መስኮቷ ኋላ ተቀምጣ፣ ለእኔና ለጋሽ ታፈሰ ያልጠየቅናትን ነገረችን።

"ደበበ ቃሪያ አይበላም። እኔ ደግሞ እሱን ለማብሸቅ ሁልጊዜ አንድ ስንግ ቃሪያ ጣል አደርግበታለሁ። መጀመሪያ ሰሞን ቃሪያው እንዳለ ይመለስልኝ ነበር።"

"አሁንስ?" አልኳት፤ መቼም አፌ አያርፍም።

"አሁን ምሳ ዕቃው ተጠርጎ ነው የሚመለሰው።" የትኬት ደብተሯን ዘጋች። "ርሃብ የማያስለምደው የለም አይደል?"

  ሞቷል ብላ ጥቁር እንዳትለብስ፣ ማን ነገረሽ ትባላለች፤ እንደዚያ ላለ ሰው ጥቁር መልበስም ያስጠይቅ ነበር። በሕይወት አለ ብላ እንዳትጠብቅ፣ የቃሪያው ነገር አለ። ሴትየዋ ከዓለም ሁሉ የፈለገችው አንድ ነገር ነው፤ ልጠብቀው ወይስ ላልቅሰው?

እንዲህ እያለን ነው የግድያው ፊልም ከአዲስ አበባ የመጣው።

በረዶ መንገድ የዘጋበት ትልቅ ቤት አለ። እንግዶች ተሰብስበዋል። የቤቱ ጌታ፣ ሀብታም ሽማግሌ፣ ተገድሎ ይገኛል። ከውጭ የገባ ሰው ስለሌለ ገዳዩ ከመካከላቸው ነው። አንድ መርማሪ ይነሳና ሁሉንም ያፋጥጣል፤ ሁሉም ሽማግሌውን የሚጠላበት ምክንያት ይወጣል። በመጨረሻው ጥቅል ሁሉንም አንድ ክፍል ሰብስቦ ገዳዩን በስሙ ይጠራል።

"የግድያ ፊልም ሁሉ አሠራሩ ይኸው ነው" አሉ ጋሽ ታፈሰ። "ሬሳው ቀድሞ ይመጣል፤ ምክንያቱ ኋላ ይደርሳል።"

"በኛ አገር ደግሞ ሬሳው ነው መጀመሪያ የሚጠፋው" አልኩ።

ተመልሰው ጆሮዬን ያዙኝ። በዚያ ዘመን ግድግዳውም ይሰማ ነበር።

ፊልም ሕዝብ ፊት ከመቅረቡ በፊት ካድሬው ጓድ ሽፈራው ያየዋል። ባዶ አዳራሽ መሀል ብቻውን ተቀምጦ አየው። መጨረሻው ላይ መርማሪው ገዳዩን ጠራ፤ የቤቱ አሽከር ሆኖ ተገኘ። ጓድ ሽፈራው ከወንበሩ ተነሳ።

"ጭቁኑ ነው ገዳይ? ይሄ ፊልም ማንን ነው የሚሰድበው?"

"ጓድ፣ እኛ አልሠራነውም" አልኩ ከመስኮቴ።

"አውቃለሁ አንተ እንዳልሠራኸው! አንተማ ሰው በእግሩ ማስኬድም አትችልም!" ያ የመጀመሪያ ቀኔ ዝና እሱም ጋ ደርሷል። "የመጨረሻው ጥቅል ይውጣ። ገዳዩ የሽማግሌው በዝባዥ ወንድም ነው።"

መጨረሻ የሌለው ፊልም ብናሳይ ባለጋሪዎቹ ወንበሩን በሙሉ ይሰብሩታል። እሑድ ደግሞ የበዓል ፕሮግራም ነው፤ አናሳይም ብንል አሻጥረኞች እንባላለን። ጋሽ ታፈሰ አሰቡና መላ አመጡ። ሁለተኛው ጥቅል ላይ ሽማግሌው በሕይወት እያለ እራት የሚበላበት ትዕይንት አለ። እሱን ከቦታው አንስተን መጨረሻ ላይ እንጫነው፤ ሽማግሌው ራሱ መጥቶ ወንድሙን እንደሚያጋልጥ አስመስለው፣ የቀረውን እሳቸው በአፋቸው ያስተካክሉታል። ጓድ ሽፈራው ተስማማ።

ምን ማለት እንደሆነ የገባኝ እሑድ ከሰዓት፣ ካርቦኑን ለኩሼ ማሽኑን ካስነሳሁ በኋላ ነው። ተመልካቹ ሽማግሌውን መጀመሪያ የሚያየው ሬሳ ሆኖ ነው። አዳራሹ ጢም ብሏል። ጓድ ሽፈራው መሀል ላይ፣ ዓለሙ ከፊት ጥግ፣ እትዬ ሙሉም ትኬቷን ጨርሳ ከኋላ በሩን ተደግፋ ቆማለች።

ሬሳው ምንጣፉ ላይ ታየ። የፊቱ አጥንት ያገጠጠ፣ ዓይኑ የተከፈተ።

"ጋሽ ታፈሰ፣ ይሄስ ማን ይባላል?" ብሎ አንድ ባለጋሪ ጮኸ።

 "ደበበ" አሉ ጋሽ ታፈሰ።

 ከኋላ በሩ ሲንቋቋ ሰማሁ፤ እትዬ ሙሉ ግን አልወጣችም። ከዚያ ወዲያ ፊልሙ ሁሉ ስለ ደበበ ሆነ። መርማሪው፣ "ደበበን ለመጨረሻ ጊዜ ያየው ማነው?" ይላል። አንዷ ሴት፣ "እኔ አላየሁም" ትላለች። በጋሽ ታፈሰ ድምፅ ሁሉም አላየሁም ይላል። ባለጋሪዎቹ መሳቅ ተዉ። እኔ ፊልሙን የማውቀው ሰውዬ ብርድ ብርድ አለኝ፤ ውጭ ደግሞ ድንጋይ የሚሰነጥቅ ፀሐይ ነው።

ነጥቧ ብልጭ አለች። ማሽን ለወጥኩ። የእራቱ ጥቅል ገባ።

እንግዶቹ ጠረጴዛውን ከበው ተቀምጠዋል። በሩ ቀስ ብሎ ይከፈታል። ሟቹ ይገባል። ልብሱ ንጹሕ ነው። ሁሉም ማንኪያቸውን አስቀምጠው ያዩታል።

"ዱኤራ! ሞቷል እኮ! ሞቷል!" አለ ያ ባለጋሪ። የሳቀ የለም።

ሽማግሌው ወንበሩን ስቦ ተቀመጠ። ሰዎቹን ተራ በተራ ዓይን ዓይናቸውን አያቸው። ከዚያ የቀረበለትን ሳህን ተመለከተ። ሳህኑ ባዶ ነው።

ጋሽ ታፈሰ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። "ደበበ ወደ ቤቱ ገባ። ተርቧል። 'እስከ ዛሬ የእኔን ምግብ ማን ሲበላ ነበር?' ይላል።"

ከፊት ረድፍ ጥግ አንድ ሰው ተነሳ። ጥላው ሸራው ላይ፣ ከእራቱ ጠረጴዛ መሀል ወደቀ።

"አይችልም!" አለ ዓለሙ። "በእጄ ነው አፈር ያለበስኩት! አይመጣም!"

ካርቦኑ እየነደደ ባጠረ ቁጥር መግፋት የእኔ ሥራ ነው፤ ረስቼው ኖሮ መብራቱ ደከመና ጠፋ። ድርግም ያለ ጨለማ። እንደ ሰው ከመደንገጥ ይልቅ እኔ ማሽኑን አቀፍኩት፤ የተቃጠልኩበት ጠባሳ እስካሁን ክንዴ ላይ አለ። በጨለማው ውስጥ የእትዬ ሙሉ ድምፅ ከኋላ መጣ። አልጮኸችም። ትኬት እንደምትሰጥ ዓይነት ነው የጠየቀችው።

"ዓለሙ፣ ቃሪያውን ማን ነበር የሚበላው?"

"እኔ ነኝ፣ እትዬ።"

"የት ነው ያለው?"

"ደራ መንገድ... አዋሽን ተሻግሮ፣ ግራሩ ሥር። ብቻውን ነው፣ እትዬ። ለብቻው ነው ያደረግሁት።"

 በመጨረሻ፣ "ፊልሙ አልቋል በል" የሚል የጓድ ሽፈራው ድምፅ ተሰማ። ጋሽ ታፈሰ በማይክሮፎኑ፣ "ፊልሙ አልቋል" አሉ። ማንም አልተነሳም። በሩን የከፈተችው እራሷ እትዬ ሙሉ ናት፤ ፀሐዩ ሲገባ የዓለሙ ወንበር ባዶ ነበር። በጓሮ በር ወጥቷል። ከዚያ በኋላ ናዝሬት ውስጥ ያየው የለም። ሞያሌ ገባ ያሉ ነበሩ፤ ሌላ ሌላም ያሉ ነበሩ።

በማግስቱ እትዬ ሙሉ ጥቁር ለብሳ ትኬት ቆረጠች። ጓድ ሽፈራው መጣና መስኮቱ ጋ ቆመ። ልብሷን አየ። እሷም አየችው። የሚላት ነገር ይኖራል ብዬ ጠበቅኩ። "ነፍስ ይማር" ብሎ፣ ቀስ ብሎ ገባ።

ጋሽ ታፈሰን፣ "ያንን ስም እንዴት አወጡት?" ብዬ ጠየቅኳቸው። ማይክሮፎናቸውን በመሐረብ እየጠረጉ፣ "ስም አልቆብኝ ነው" አሉ። ከዚህ ሌላ ሳይሉኝ ሞቱ።

ለናንተ ከእኔ በኋላ ለመጣችሁ የሙያ ባልደረቦቼ የማስተላልፈው ይህን ነው። ካርቦኑን አትርሱ፤ ትኩስ ማሽን አትቀፉ። ፊልም መሀሉ ቢቆረጥ ተመልካቹ ይቅር ይላል። መጨረሻውን ከቆረጣችሁት ግን አዳራሹ ውስጥ ያለ ሰው ተነስቶ ራሱ ይጨርሰዋል።