ሮማን የቀመሰችው ልጅ ጉዳይ

ሲወስዱኝ እጄ ማር በማር ነበር። ከሲኒማ ራስ ወረድ ብሎ ባለው መደቤ ላይ ለደንበኛ እየመዘንኩ ሳለ ሁለት ፖሊሶች መጥተው «እማማ፣ ይነሡ» አሉኝ። ልታጠብ ብላቸው እንቢ አሉ። ያጠፋሁትን አውቀዋለሁ፤ ገበያው ሊፈርስ ነው ተብሎ በተጠራ ስብሰባ ላይ ተነሥቼ «ለባለ ሱቅ ምትክ ቦታ ሰጥታችሁ ለመደብ ነጋዴ የምትከለክሉት በየትኛው ፍርድ ነው?» ብያለሁ። አዳራሹ አጨበጨበ። ጭብጨባው ነው መሰለኝ ሁከት ማነሣሣት የተባለው።

ክፍሏ ጠባብ ናት። ግድግዳው እስከ ወገብ አረንጓዴ፣ ከዚያ በላይ እጅ ያጠቆረው ነጭ። ሦስት ሴቶች ቀድመውኛል፤ ሁሉም እንደኔ በአፋቸው ጦስ የመጡ። አንዷ የታሪክ አስተማሪ ናት። አንዷ ሰባተኛ በሚባለው የመርካቶ ሰፈር ስፖርት ጫማ የምትሸጥ የስልጤ ሴት። ሦስተኛዋ ከገጠር መጥታ ቲማቲም የምትቸረችር፣ ሆዷ የገፋ ልጅ። ጫማ ሻጯ ገና ስገባ እጄን አይታ «እትዬ፣ እንዳይታጠቡት፤ ስንቅ ነው» አለችኝ። እየሳቅን ተዋወቅን።

በማግሥቱ ከቤት የሚመጣ ምግብ ተከለከለ። ረኃቡን እንድንረሳ አስተማሪዋ ስለ ጥንት ግሪኮች ታወራን ጀመር።

«ብዙ አማልክት ነበሯቸው፤ አለቃቸው ዜውስ ይባላል።»

«አላህ ይጠብቀን» አለች ጫማ ሻጯ።

«የሐዋርያት ሥራ ላይ ድያ የተባለው እሱ ነው፣ እማማ» አለችኝ አስተማሪዋ።

ደነገጥኩ። ስንት ዓመት ሳነበው ድያ የአገር ገዢ ይመስለኝ ነበር።

«አንቺም ብትሆኚ» አለቻት ጫማ ሻጯን፣ «ጫማሽ ላይ ያለው የድል አምላካቸው ስም ነው።»

«ወላሂ የኔ ኦርጅናል ነው!» አለች፣ ማንም ሳይጠይቃት።

ከዚያ የዴሜተርን ነገር አወራችን። የእህል አምላክ ናት፤ አንድ ልጅ አለቻት። የሙታን ንጉሥ ምድርን ሰንጥቆ ወጣና ልጅቱን ወደ ታች ይዟት ገባ። እናት ሥራዋን ትታ ችቦ ይዛ አገር ለአገር ፈለገቻት፤ ምድር ማብቀል አቆመች፣ ሰው ተራበ። በመጨረሻ ዜውስ ልጅቱ ትለቀቅ አለ። ልጅቱ ግን እዚያ ሳለች የሮማን ፍሬ በልታለች። የሙታንን ምግብ የቀመሰ ደግሞ የሙታን ነው። ስለዚህ ከዓመቱ ገሚሱን እናቷ ዘንድ፣ ገሚሱን እታች እንድትኖር ተፈረደ። እሷ እታች ስትሆን ምድር ትደርቃለች። ግሪኮች ዘር የማይበቅልበትን ወቅት የሚረዱት እንዲህ ነበር።

ለምሳ የጣቢያው ዳቦና ሻይ ገባ። ነፍሰ ጡሯ ዳቦዋን አልነካችም። ከትናንት ጀምሮ የረባ ነገር አልቀመሰችም።

«ብዪ እንጂ» አልኳት።

«እማማ፣ ፍሬዋን ባትበላ ኖሮ ትወጣ ነበር አይደል?»

«ተረት እኮ ነው!» አለች አስተማሪዋ፣ ፊቷ ተለዋውጦ።

«ተረት መሆኑን አውቃለሁ። ልጄን እዚህ መውለድ ፈርቼ ነው። እጄ እንቢ አለኝ።»

በቁጣ ሰውን ማብላት አይቻልም። «እንግዲያው ፍርዱ እንደገና ይታይ» ብዬ ተነሣሁ። አስተማሪዋን ዳኛ አደረግን። ጫማ ሻጯ ለሙታን ንጉሥ ቆመች፤ እኔ ለልጅቱ።

«ሕጉ ሕግ ነው፤ በልታለች፣ አለቀ» አለች ጫማ ሻጯ፣ ሻርፗን ትከሻዋ ላይ ወርውራ።

«ሕጉን አስቀድሞ ነግሯታል?»

«አልነገራትም።»

«ዋጋ ሳይናገር ነው ያቀመሳት ማለት ነው። እኔ ለመጣው ሁሉ እጁ ጀርባ ላይ ማር ጠብ አደርጋለሁ። ልሶ የሚሄድ አለ። ልሶ ‹ስኳር አለበት› ብሎ ሰድቦኝ የሚሄድም አለ። ቀምሰሃልና የኔ ነህ ብዬ ማንንም አንቄ አላውቅም። ቅምሻ ግዢ ነው የሚል ነጋዴ መርካቶ ውስጥ አንድ ቀን አያድርም!»

«ጫማ ይመለሳል፤ የተዋጠ ፍሬ አይመለስም።»

«የተላሰ ማርስ ይመለሳል?»

«እሱስ እውነት ነው። የኔንም ጫማ ለክተው ለክተው ጥለውት የሚሄዱት ስንቱ ናቸው!» ብላ ንጉሧን ረሳችው።

ዳኛዋ ፈረደች፤ ልጅቱ ዓመቱን ሙሉ እናቷ ዘንድ ትሁን። ከበሩ ቀዳዳ ሳቅ ሰማን። ጠባቂው ወጣት ፖሊስ ሲያዳምጠን ኖሯል።

ነፍሰ ጡሯም ሳቀች፤ ዳቦውን ግን አላነሣችም። «እናንተ ፈረዳችሁ፣ እማማ። በሩ ግን የእናንተ አይደለም።»

ልክ ናት። ከዳቦዬ ቆርሼ ወደ ቀዳዳው ሄድኩ።

«ልጄ፣ የበሩ ሰው አንተ ነህ። ቅመስ።»

ዳቦውን አየ፣ እኔን አየ። «እማማ፣ እኔ ዛሬ ቤቴ መግባት እፈልጋለሁ» አለ።

ሳቅን። እሱ ግን ነፍሰ ጡሯን በቀዳዳው አሻግሮ አያትና ዳቦውን ተቀብሎ ጎረሰ። «ተረኛዬ ሲመጣ እወጣለሁ። ታዩኛላችሁ» አለ።

ጠበቅነው። ፀሐይዋ ከግድግዳው ሳትወርድ በሩ ተንኳኳ፤ በቀዳዳው ስናይ ጠባቂው ሥራውን ለተረኛው አስረክቦ፣ ቆቡን አውልቆ በብብቱ ይዟል።

«ይኸው ወጣሁ፣ እማማ!»

ነፍሰ ጡሯ ሆዷን ይዛ ሳቀች። ከዚያ ዳቦዋን አነሣች። ቀድማ ግን ሦስት ቁራሽ ቆርሳ፣ እንደ ቤት እመቤት ለየአንዳንዳችን በእጇ ሰጠችን። «ቅመሱልኝ» አለች። ስንቅ የሚያመጣላት አንድ ሰው አልነበራትም። እኛ ስንጎርስ እሷ በቀዘቀዘው ሻይ እየነከረች እስከ ፍርፋሪው በላች።

ሁላችንም በየተራችን ወጣን። እሷም ሴት ልጇን ውጭ ወለደች። የመደብ ነጋዴ እስካሁን ምትክ ቦታ አላገኘም፤ እኔም ጥያቄዬን አልተውኩም። ተረቱን ለልጅ ልጆቼ ስነግራቸው ሁለቱንም ፍርድ እነግራቸዋለሁ፣ የዜውስንም የኛንም። በዜውስ ፍርድ ሁልጊዜ ይቆጣሉ። ይህን ያህል ዘመን ሰው ሲያወራው የኖረው፣ ይመስለኛል፣ ያ ፍርድ እስከ ዛሬ ለማንም ስላልተዋጠለት ነው።