ውባለም ያልቆረጠቻቸው ጅራቶች

ሉላ ሸሻይ ወደ መርሳ በመጣች ቁጥር ውባለም መጀመሪያ የምታየው እጇን ነው። ሁለቱ የስልክ ገመድ መቀጠል የተማሩት ደሴ ነበር፤ አንድ ክፍል ውስጥ፣ አንድ አግዳሚ ወንበር ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠው። መምህሩ ሉላ የሠራችውን ቅጥያ ለተማሪው ሁሉ ከፍ አድርጎ እያሳየ «እንዲህ ነው እንጂ!» ሲል፣ የውባለም ቅጥያ ጠረጴዛው ላይ እንደተጋደመ ቀረ። የሷም ደህና ነበር። ያንገበገባትም ደህና መሆኑ ነው። መጥፎ ቢሆን ኖሮ ተሳቅቃ ትረሳው ነበር።

ከዚያ ሉላ ወልድያ፣ ውባለም መርሳ ተመደቡ። በመካከላቸው ያለው መንገድ አጭር ነው፤ ወሬ ደግሞ ከሚኒባስ ይፈጥናል። ከደሴ የመጣ አለቃ ሁሉ «የወልድያዋን ሠራተኛ አየናት፣ እንዴት ያለች ናት!» ሳይል አይመለስም። ውባለምም «አዎ፣ ጎበዝ ናት» ትላለች። ትለዋለች፤ ከዚያ ቀኑን ሙሉ ስታመነዥገው ትውላለች።

ጦርነቱ መጣ። ወልድያም መርሳም ተያዙ፤ ሰው እግሩ ወዳመራው ተበተነ። በ2014 ታኅሣሥ ከተሞቹ ሲለቀቁ ውባለም ከተሰደደችበት ተመልሳ የስልክ ማዞሪያውን ቤት ብትከፍት፣ ባትሪው የለም፤ መስኮቱ የለም፤ ገመዱም ከየምሰሶው ላይ እየተጎተተ ተወስዷል። ከወደቀው እየለቀመች፣ ከተረፈው እየቀጠለች መጀመሪያ የጤና ጣቢያውን፣ ቀጥሎም የገበያውን መስመር አስነሣች። የመጀመሪያው ስልክ ሲጠራ እንባዋ መጣ። በዚያው ቀን ግን የወልድያ መስመር ከሷ ቀድሞ መነሣቱን ሰማች። «ተመስገን» አለች፤ ምሳዋንም ሳትጨርስ ተነሣች።

በግንቦት ኢንጂነር አቤል ከአዲስ አበባ መጣ። ወጣት ነው፤ ሲናገር አይጣደፍም። ዋናው የፋይበር መስመር በአስፋልቱ ዳር ያልፋል፤ ማዞሪያው ድረስም ይደርሳል። ከማዞሪያው እስከ ሰው ቤት ያለው ግን ያው የድሮው የመዳብ ስልክ ገመድ ነው። በዚህ የጦርነት ጊዜ ለትንሽ ከተማ አዲስ ገመድ የሚዘረጋ የለም። ስለዚህ ፈጣን ኢንተርኔት በዚያው በአሮጌው መዳብ እንዲሄድ አንድ የአሠራር ደረጃ እየተረቀቀ ነው፤ ምን ያህል ርቀት ድረስ እንደሚፈቀድ፣ ቅጥያው እንዴት መሆን እንዳለበት፣ የትኛው ገመድ እንደሚያልፍና የትኛው እንደሚወድቅ የሚወስን። ለዚህም የወልድያና የመርሳ ገመዶች ይፈተሻሉ። ፈተናውን ያለፈ ገመድ በደረጃው ውስጥ ይገባል፤ የወደቀ ይቀራል። ከሁለቱ ሴቶችም አንዷ ስለ መስመር ሠራተኛው ሥራ ለመናገር ከአርቃቂዎቹ ጋር አዲስ አበባ ትቀመጣለች።

ውባለም ይህን ሁሉ አዳመጠች። መርሳ ኢንተርኔት ብታገኝ ደስ ይላታል። ከዚያ በላይ ግን የመርሳ ገመድ ከወልድያው እንዲበልጥ ፈለገች። ይህንን ለማንም አልተናገረችም።

ወልድያ አስቀድሞ ተፈተሸ፤ አለፈም። በማግስቱ ውባለም ለመርሳው ፍተሻ ዕቃ ልታወጣ መጋዘን ሄደች። የመጋዘኑ ጠባቂ ብርሃኑ በሩ ላይ ተደግፎ ጠበቃት።

«ውቤ፣ የወልድያው በረረ አሉ። የኛስ?»

«የኛ በእግሩ ይመጣል። አርፈህ ቁልፉን ስጠኝ።»

ብርሃኑ ቁልፉን ያዝ አድርጎ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «አንቺ ደግሞ ዝም ማለት ታበዢያለሽ። በዚህ ጊዜ የሸሻይ ልጅ አዲስ አበባ ሄዳ ደንብ ልትጽፍ? ለሚመለከተው አንዲት ቃል ጣል ብታደርጊ እኮ…»

የሉላ አባት ሸሻይ ከትግራይ በልጅነቱ መጥቶ ወልድያ ላይ ሲነግድ ያረጀ ሰው ነው። በዚያ ዓመት ደግሞ እንዲህ ያለች አንዲት ቃል ሰውን ከቤቱ ታስወጣ ነበር። ውባለም የያዘችውን መሰላል ግድግዳው ላይ አስደገፈች።

«ስማኝ ብርሃኑ። እኔ የምቀናው በእጇ ነው። በአባቷ አይደለም።»

«ኧረ ቀልዴን ነው!»

«ቀልድህን እዚያው መጋዘን ውስጥ ቆልፍበት።»

ቁልፉን ነጥቃው ዕቃዋን አውጥታ ሄደች። ጥቂት እንደሄደች ነው የተናገረችው ነገር የገባት። ያን ሁሉ ዓመት ለነፍስ አባቷ እንኳ ያልተነፈሰችውን ለብርሃኑ ነገረችው።

የመርሳ ፈተና የተደረገው መናኸሪያው አጠገብ ባለው የአሚና ሱቅ ነው። አሚና ፎቶ ኮፒ ታነሣለች፣ ስልክ ቻርጅ ታደርጋለች፤ ኢንተርኔት ከመጣ ደግሞ የተማሪውን ሁሉ ምዝገባ እሠራለሁ ብላ ኮምፒውተሯን በጥልፍ ጨርቅ ሸፍና ስትጠብቅ ከርማለች። አቤል መለኪያውን ይዞ ገባ፤ ሊያግዘው ከወልድያ የመጣችው ሉላና ከመናኸሪያው የተቀበለቻቸው ውባለም ተከተሉት።

«አህለን፣ አህለን! ኢንተርኔቱን ይዛችሁ ነው ወይስ እንደ ባለፈው ተስፋውን ብቻ?» አለች አሚና።

«ዛሬስ ይዘናል» አለ አቤል እየሳቀ።

ሞደሙን ሰኩት። መብራቱ ብልጭ ድርግም አለ፤ ያዘ ሲባል ለቀቀ። እንደገና ሞከሩት፤ እንደገና ለቀቀ። አቤል መለኪያውን ትክ ብሎ አየና ግንባሩን አሸት አደረገ።

«የሆነ ቦታ ላይ የሚመልሰው ነገር አለ።»

ሉላ ቀደመችው። «ውባለም፣ መስመሩ ላይ ጅራት አለ እንዴ?»

ጅራት የሚሉት እነሱ ናቸው፤ የመስመር ሠራተኞቹ። አንድ ደንበኛ ቤቱን ሲለቅ ወደሱ ቤት የሚሄደውን ሽቦ መቁረጥ ደንብ ነበር። እነሱ ግን አይቆርጡትም። ሰውየው ቢመለስ እንደ አዲስ ከመዘርጋት ያለው ላይ ማብራት ይቀላል ብለው ከምሰሶው ላይ እንደተቀጠለ ይተዉትና ለሌላው ደንበኛ ከዚያው ይቀጥላሉ። ለወሬ ምንም አይጎዳም። ለፈጣን ኢንተርኔት ግን መከራ ነው። የሚሮጠው መልእክት ግማሹ ባዶው ጅራት ውስጥ ይገባል፤ ጫፉ ላይ ሲደርስ መውጫ ያጣል፤ ተመልሶም ወደፊት ከሚሄደው ጋር ይጋጫል። መውጫ የሌለው ቅያስ ውስጥ ገብቶ በገበያ ቀን በሕዝቡ መሃል ወደ ኋላ የሚጋፋ ሰው ማለት ነው።

ውባለም ጅራት አላት። ከማንም በላይ አላት። በተለይ በጦርነቱ ጊዜ ሰው ሁሉ ሲሰደድ አንዱንም አልቆረጠችም። የአሚና ጎረቤት እማማ ደብሪቱ ልጃቸው ጋ ደሴ ሊገቡ ሲነሡ፣ በር ላይ ቆመው «ልጄ፣ ስመለስ ስልኬን አገኘው ይሆን?» ብለዋት ነበር። «ያገኙታል እማማ» አለቻቸው። ሽቦው ከዘረፋው ተርፎ ዛሬም ምሰሶው ላይ አለ፤ የአሚናም መስመር የተቀጠለው ከሱው ነው።

ጥያቄው ከአቤል አፍ ቢወጣ ኖሮ «አለ» ትል ነበር። የወጣው ግን ከሉላ አፍ ነው፤ ያውም በሰው ፊት፣ በዚያ ለስላሳ ድምፅ።

«የለም» አለች ውባለም።

«እርግጠኛ ነዎት?» አለ አቤል።

«የዘረጋሁት እኔ ነኝ እኮ።»

አቤል ተነፈሰ። «እንግዲያው ገመዱ ራሱ ደክሟል ማለት ነው። ይህ በተዘረጋበት ዘመን የተዘረጋ ገመድ ሁሉ ለዚህ አገልግሎት አይሆንም ብለን እንጽፋለን። የጎረቤታችሁ የግራና ከተማ ገመድም ያው ዓይነት ነው፤ አብሮ ይወጣል።»

«ደክሟል?» አለች አሚና። «ትናንት እኮ ከእህቴ ጋር እስኪበቃኝ ሳወራበት ነበር፣ ወላሂ!» ከዚያ ጨርቁን አንሥታ ኮምፒውተሩን መልሳ ሸፈነችው፤ ጠርዙንም በእጇ እየደባበሰች አስተካከለችው።

አቤል ዕቃውን ሊሰበስብ ጀመረ። ሉላ ውባለምን ተከትላ ወጣች። ከምሰሶው ሥር ቆሙ።

«አለ አይደል?» አለች ሉላ።

«የለም አልኩ።»

«እኔም ነበረኝ። ኢንጂነሩ በስልክ ቀድሞ ነግሮኝ ከመምጣቱ በፊት ስቆርጥ ነው የሰነበትኩት።»

ውባለም ዞረች። «አንቺ ስታውቂ እኔ እንዳላውቅ? ለምን ደውለሽ አልነገርሽኝም?»

ሉላ መሬት መሬት አየች። «እንድትበልጪኝ አልፈለግሁም።»

«እኔ? አንቺን?»

«ቅድም ከመኪናው ስንወርድ ከመናኸሪያው እስከዚህ ድረስ ‹ውቤ፣ ውቤ› ያላለሽ ሰው አለ? ልጁም ሽማግሌውም። እኔ የተወለድኩበት ከተማ ያን ሁሉ ዓመት መስመሩን ሠርቼ፣ ዘንድሮ በር ሳንኳኳ መጀመሪያ የሚጠይቁኝ የማን ልጅ እንደሆንኩ ነው። እጅሽ ጥሩ ነው ይሉኛል። ግቢ፣ አረፍ በይ የሚለኝ ግን የለም።»

ውባለም ሉላ በሷ መቅናቷን ስትሰማ መጀመሪያ ደስ አላት፤ እውነቱ ይህ ነው፤ ለረጅም ጊዜ እንደዚያ ደስ ብሏት አያውቅም። ቀጥሎ የሰማችው ነገር ምን እንደሆነ ሲገባት በደስታዋ አፈረች። በሱቁ በር አሻግራ የተሸፈነውን ኮምፒውተር አየች። «አለ» ካለች በአንድ ጊዜ ውሸታምም ቸልተኛም ልትሆን ነው፤ አዲስ አበባም ያለጥርጥር የሉላ ነው። ዝም ካለች ደግሞ መርሳና ግራና ለስንት ዓመት እንደሚቀሩ እግዜር ይወቀው።

አቤል የመኪናውን በር ከፈተ።

«ኢንጂነር!» አለች ውባለም፤ ድምፅዋ ካሰበችው በላይ ወጣ። «አለ። ጅራት አለ። እያወቅሁ ነው የለም ያልኩት።»

አሚና አፏን በነጠላዋ ያዘች። አቤል አልተቆጣም፤ ቢቆጣ ይሻላት ነበር። «ያሳዩኝ» አለ ብቻ።

መሰላሉን ተክላ ወጣች። አንዱን ቆረጠች፤ ወደሚቀጥለው ምሰሶ አልፋ ሌላውን ቆረጠች። በመጨረሻ የእማማ ደብሪቱ ቀረ። ጉጠቱን ሽቦው ላይ አድርጋ እጇ እምቢ አላት።

«ላግዝሽ?» አለች ሉላ ከታች።

«አንቺ እጅሽን ከገመዴ ላይ አንሺ!»

ቆረጠችው። ሽቦው በእማማ ደብሪቱ አጥር ላይ ወደቀ። ከሱቁ ውስጥ የአሚና እልልታ ተሰማ፤ «ያዘ! አልሐምዱሊላህ፣ ያዘ! አብሽሪ ውቤ!»

አቤል ፍጥነቱን አነበበ። ደረጃውን ያልፋል። ከወልድያው ግን ትንሽ ያንሳል፤ የአሚና ሱቅ ከማዞሪያው ይርቃል አለ። ውባለም ርቀቱን ሰማች፤ ያንሳል የሚለውንም ሰማች።

«እሺ፣ መርሳ ገባች» አለ አቤል። «ትርፍ ቅርንጫፍ ሁሉ ይቆረጥ ብለን እንጽፋለን።»

«እንደዚያ ብቻ ከሆነ ማንም አይቆርጥም» አለች ውባለም መሰላሉን እያጠፈች። «የሄደ ሰው ቁጥሩ ለሌላ እንዳይሰጥበት አብሮ ይጻፍ። እኔ ለሰው ቃል ሰጥቻለሁ።»

«እሱ የአስተዳደር ጉዳይ ነው። እኛ የምንጽፈው ስለ ሽቦው ነው።»

«ስለ ሽቦው ነው እንጂ» አለች ሉላ። «ጅራት የምንተወው ስንፍና ይዞን መሰለዎት? ይህ ካልተጻፈ ቆርጠናል ይሏችኋል፤ አይቆርጡም። ዛሬ በዓይንዎ አዩ።»

አቤል አንዴ አንዷን፣ አንዴ ሌላዋን አየ። በመጨረሻ «እሺ፣ ይጻፋል» አለ።

አዲስ አበባ የሄደችው ሉላ ናት። በሐምሌ፣ ጦርነቱ ይመለሳል የሚለው ወሬ ከቆቦ በኩል በሚናፈስበት ሰሞን፣ ማዞሪያው ቤት ስልክ ጠራ። ድምፁ ጥርት ያለ ነው፤ አንዲት ጉምጉምታ የለውም።

«ረቂቁን ላንብብልሽ» አለች ሉላ። «‹ጥቅም ላይ ያልዋለ ቅርንጫፍ ሁሉ ይቆረጣል። ደንበኛው በጦርነት ወይም በሌላ ምክንያት ስፍራውን ለቆ ከሆነ ቁጥሩ ተጠብቆ ይቆየዋል።› እንዴት ነው?»

ውባለም ቃሉን አወቀችው። ሐሳቡ የሷ ነው። «‹በሌላ ምክንያት› የምትለዋን ማን ጨመራት?»

«እኔ ነኝ። ሰው በጦርነት ብቻ አይደለም ቤቱን የሚለቀው ብዬ።»

ለምን እኔ አላሰብኳትም፣ አለች በልቧ። «መጥፎ አይደለችም» አለች በአፏ። «ስትመለሺ መርሳ ውረጂና ቤት ግቢ። ሳትገቢ ብታልፊ እቀየምሻለሁ።»

ስልኩን ዘግታ የሽቦ ጥቅሉን በትከሻዋ አንጠለጠለች። እማማ ደብሪቱ በዚያ ሳምንት ተመልሰዋል፤ «ቁጥሬስ ልጄ?» ብለው ሲጠይቋት «ያው ነው እማማ» ብላቸዋለች። የቆረጠችውን አሁን እንደ አዲስ ልትዘረጋ ነው፤ ከአሚና መስመር ተለይቶ፣ ለብቻው። ምሰሶው ላይ ወጥታ ሽቦውን ላጠች፤ ጠመዘዘች፤ ቀጠለች። ከዚያ ቅጥያውን ወደ ፀሐይ አዞር አድርጋ አየችው።

ደህና ነው።

ፈታችውና እንደገና ጀመረች።