አማቼ የመረጠው ብረት

የእህቴ ባል ብረት የሚያውቀው በድምፁ ነው። ሞያሌ፣ በኬንያ በኩል፣ ብረት መሸጫው በረንዳ ላይ ቆሞ አንዱን ብረት በጣቱ አንጓ ይመታና ጆሮውን ያስጠጋል። ከዚያ ዓይኑን ይጨፍናል። ሻጩም፣ ተሸካሚዎቹም፣ እኔም ጸጥ ብለን ፍርዱን እንጠብቃለን። በመጨረሻ "ይሄ ይናገራል" ይላል፤ አለዚያም "ይሄ ሞቷል።" ይህን ጥበብ ተማርኩ የሚለው ናይሮቢ ሱቅ ተቀጥሮ ሲሠራ ነው። ሱቁ የቀለም ሱቅ ነበር።

ያን ቀን የሄድነው ለተጎታቻችን መወጣጫ የሚሆን ብረት ልንገዛ ነው። እኔና እሱ በጋራ አንዲት ትንሽ ኤክስካቫተር አለችን። በኦቦና በኡራን በኩል ደለል የሞላቸውን ኩሬዎች ትጠርጋለች። በሰንሰለት የምትሄድ ስለሆነች ያን ሁሉ መንገድ በራሷ አትዘልቀውም፤ ሎሪ በሚጎትተው ተጎታች ላይ እንጭናታለን። እስከዚያ ድረስ መንገድ ዳር የአፈር ጉብታ ፈልገን፣ ተጎታቹን አስጠግተን ነበር የምንጭናት። ጉብታ በሌለበት አፈር ቆልለን ራሳችን እንሠራለን። ይህ ስለሰለቸን ሁለት የብረት መወጣጫ እናሠራ ተባባልን።

እኔ ዓይኔ ያረፈው ቻናል ብረት ላይ ነው፤ የሎሪ ሻንሲ የሚመስለው፣ አንድ ጎኑ ክፍት፣ ግድግዳው ወፍራም የሆነው። በጎኑ አቁመው ሲጭኑበት በቀላሉ አይጎብጥም። አስቀያሚ ነው፣ ይከብዳል፣ ትንሽ ዝጓልም። አማቼ በጫማው ጫፍ ነካ አድርጎት አለፈ።

"ይሄ የአሮጌ መኪና አጥንት ነው" አለኝ። "ሰው ቢያየን ምን ይለናል?"

"ሰው አይደለም የሚወጣበት፤ ማሽን ነው።"

"አንተ ነጋዴ ነህ። ብረቱን ለእኔ ተወው።"

የመረጠው ቱቦላሬ ነበር። ያ ባለ አራት ማዕዘኑ፣ ውስጡ ባዶ የሆነው፣ ለበርና ለመስኮት የሚሆነው። ከላይ የሚለብሰው ደግሞ ጌጥ ያለው ላሜራ። ጎንበስ ብዬ የቱቦላሬውን አፍ አየሁት፤ ግድግዳው እንደ ወተት ጣሳ ስስ ነው። ይህን ስነግረው ሳቀብኝ። ድምፁ እንደ ደወል ነው አለ። ደወል እንደዚያ የሚጮኸው ውስጡ ባዶ ስለሆነ መሆኑን ለማስረዳት አልሞከርኩም። የማሽኗ ግማሽ የእሱ ነው፤ ከእሱ ጋር መከራከር ደግሞ ከግመል ጋር እንደመታገል ነው፣ ግመል እንኳ አንዳንዴ ይደክመዋል።

ፉንዲው፣ ማለት በያጁ፣ ከአማቼም የባሰ ነበር። እኔ "ይሄ አይችልም" ስለው "ልክ ነህ ባባ" ይለኛል። አማቼ "በደንብ ይችላል እንጂ" ሲለው "ልክ ነህ ምዜ" ይለዋል፤ ምዜ እንደ ጋሼ ነው። የሁሉም ነገር ማሰሪያው "ሃኩና ሺዳ" ነው፤ ችግር የለም። ችግር የለም ከሚል ሰው ጋር ሠርቼ ችግር ያጣሁበት ጊዜ የለም። ቱቦላሬውን ላሜራ አልብሶ በየደው፤ አማቼም ደማቅ ቀይ አስቀባው። ቀለሙ፣ እውነቱን ለመናገር፣ በጣም ጥሩ ቀለም ነበር።

ከዚያ አማቼ ምረቃ ደገሰ። ልብ በሉ፣ የመወጣጫ ምረቃ! ጎረቤቱን፣ የሚራ፣ ማለት የጫት፣ ነጋዴዎቹን፣ ሥራ ፈት ሹፌሩን ሁሉ ሰበሰበ። በኦሮምኛ፣ በስዋሂሊና በአማርኛ ንግግር አደረገ፤ በሦስቱም ቋንቋ የዋሸው ያንኑ ነው። ሰዉ ስልኩን አውጥቶ ይቀርጻል። ማሽኗን የምትነዳልን ከኢትዮጵያ በኩል የመጣች፣ ወሬ የማትወድ ሴት ናት። ቀዩን መወጣጫ ከላይ እስከ ታች አየችው።

"ጋሼ፣ ይሄ ይሸከመኛል?"

"አንቺን? ዝሆን ይሸከማል!"

ጠዋት ካፊያ ስለነበረ ሰንሰለቱ ጭቃ ይዟል። ጌጠኛው ላሜራ ላይ ገና ስትወጣ ተንሸራተተች፤ አስተካክላ ቀጠለች። መሃል ስትደርስ የግራው መወጣጫ አንዴ ጮኸና ወገቡ ተቆለመመ። ማሽኗ ወደ ግራ አዘነበለች። ሰዉ ተበተነ፤ ከሁሉ ቀድሞ ሽርጡን ሰብስቦ የሮጠው ዝሆን የሚያሸክመው አማቼ ነው። ሴትዮዋ ግን የማሽኗን ክንድ ወዳዘነበለችበት ጎን አዞረችና አካፋውን መሬት ላይ ተከለችው። ማሽኗ በክንዷ ተደግፋ ቆመች። ከዚያ ቀስ እያለች፣ በዚያው ክንድ እየተመረኮዘች፣ ወደ ኋላ አወረደቻት።

ሞተሩን አጥፍታ ወረደችና መሬት ላይ ቁጭ አለች። ውሃ ሰጠኋት። ግማሹን ጠጣች፣ ግማሹን ፊቷ ላይ አፈሰሰች። እኔም አጠገቧ ተቀመጥኩ።

አማቼ ሰዉ ሁሉ ከተመለሰ በኋላ ተመለሰ። መጀመሪያ ጥፋቱ የመሬቱ ነው አለ። ቀጥሎ የጭቃው። በኋላ ወደ ሴትዮዋ ዞረ። "በጥርጣሬ ስለወጣሽ ነው" አላት።

"እንግዲያው ሌላ ጊዜ እርስዎ በእምነት ይውጡ፣ ጋሼ" አለችው። የሚቀርጹት ሳቁ። እሱም አብሮ ሳቀ፤ የገባው አይመስለኝም።

በማግስቱ ማንንም ሳላማክር ቻናሉን ገዛሁ። በላሜራ ፋንታ፣ ጭቃው በመሃል እንዲወድቅ፣ አንጎላሬ፣ ማለት በማዕዘን የታጠፈ ብረት፣ አራርቀን ደረደርንበት። ከላይ ተጎታቹን የሚነክስ መንጠቆ፣ ከመሃል በታች መሬት የሚረግጥ እግር አደረግንለት። ፉንዲው አሁንም ሃኩና ሺዳ እያለ ስለነበር ብየዳው እስኪያልቅ ከአጠገቡ አልተነቃነቅሁም። ቀለም አልቀባነውም። ሴትዮዋ ወጣችበት፣ ወረደችበት፣ አንዴ ደግማ ወጣችና "እሺ" አለች። ከእሷ አፍ ይህ ረጅም ንግግር ነው።

በዚያው ሳምንት ኡራን ገባን። ኩሬው ተጠርጎ ሲያልቅ አንድ ሽማግሌ ሊመርቁን መጡ። ሴትዮዋ በጭቃ ተለውሳለች፤ እኔ ቅባት በቅባት ሆኛለሁ። ለመመረቅ የመጣ የሚመስለው አማቼ ብቻ ነበር፤ ነጭ ሸሚዝ ለብሷል፣ ሽቶ ተቀብቷል። ሽማግሌው ወደ እሱ ሄዱ። እጅህ ይባረክ፣ ብረትህ አይሰበር፣ እያሉ ረጅም ምርቃት አወረዱለት። አማቼ ሁለት እጁን ዘርግቶ፣ ዓይኑን ጨፍኖ፣ ሁሉንም ለብቻው ተቀበለ። ሴትዮዋ አየችኝ። እኔም "አሜን" አልኩና መወጣጫዎቹን ለማንሳት ሄድኩ።